ኮምፓይለሩ ፍተሻዬን ለምን አጠፋው? በሲ ቋንቋ ስላልተደነገገ ባህሪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። ኮዱ ሲሞከር ደህና ነው። ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የማፍጠን ሥራ) በርቶ ኮምፓይል ሲደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም) ግን «እንዲህ ከሆነ ተመለስ» ብሎ በእጁ የጻፈው መስመር ከፕሮግራሙ ውስጥ ጠፍቷል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎችም ከሥራ ባልደረቦችም ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የፍላጎችን (ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ ትእዛዞችን) እና የፈንክሽኖችን ስም እንደ አነባበባቸው ጽፌዋለሁ።

«ያልተደነገገ ባህሪ» የሚባለው ምንድን ነው?

የሲ ስታንዳርድ አንዳንድ ድርጊቶችን ይጠቅስና «ይህ ከተፈጸመ ስለሚሆነው ነገር ምንም አልደነግግም» ይላል። ከአሬይ ወሰን አልፎ መጻፍ፣ ነል ፖይንተርን (የትም የማያመለክት አድራሻን) ተከትሎ ማንበብ፣ ኢንቲጀርን ለዜሮ ማካፈል፣ የተለቀቀ ሜሞሪን መንካት፣ ምልክት ያለው (አሉታዊም መሆን የሚችል) ኢንቲጀር ከሚይዘው በላይ ሲደመርበት ሞልቶ መፍሰሱ (ኦቨርፍሎው)፣ ሁሉም እዚህ ይወድቃሉ። በስታንዳርዱ አባሪ ጄ ላይ የተዘረዘሩት ብቻ 200 ገደማ ይሆናሉ።

«ምንም አልደነግግም» የሚለውን እንደ ወረደ ውሰዱት። ኮምፓይለሩ ስህተት የማሳየት ግዴታ የለበትም። ፕሮግራሙም የመቆም ግዴታ የለበትም። ትክክል የሚመስል መልስ እየሰጠ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ከሁሉ የሚከፋውም ይኸኛው ነው። በ1992 በሲ ሰዎች መካከል የተወረወረች ቀልድ እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች፦ ኮምፓይለሩ ከአፍንጫችሁ አጋንንት ቢያስወጣ እንኳ ስታንዳርዱን አልጣሰም።

ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ግን አታምታቱት። ቻር የሚባለው የፊደል ዓይነት ምልክት ያለው ይሁን ወይስ የሌለው የሚለውን ኮምፓይለሩ ይመርጣል፤ ምርጫውን በሰነዱ ላይ ማስፈር አለበት። የፈንክሽን አርጊዩመንቶች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሰሉም እሱ ይመርጣል፤ ይህንን ለማንም መናገር አይጠበቅበትም። በሁለቱም ሊመረጥ የሚችለው ነገር የታወቀ ነው። ያልተደነገገው ግን ወሰን የለውም።

ታዲያ ለምን ደንግገው አልገላገሉንም?

የመጀመሪያው ስታንዳርድ በ1989 ሲወጣ ሲ እጅግ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ይሠራ ነበር። አሉታዊ ቁጥር የሚወከልበት መንገድ እንኳ አንድ አልነበረም። ቀላል ምሳሌ ልስጥ። ባለ 32 ቢት ቁጥርን 32 ቦታ ወደ ግራ ግፋ ብትሉት፣ ኤክስ86 ከመግፊያው ቁጥር ላይ የታችኞቹን 5 ቢቶች ብቻ ስለሚያይ 32ን እንደ ዜሮ ያነበዋል፤ ቁጥሩም ሳይነካ ይቀራል። ፓወርፒሲ 6 ቢት ስለሚያይ መልሱ ዜሮ ይሆናል። ስታንዳርዱ አንዱን ቢመርጥ ሌላው ማሽን በእያንዳንዱ ሺፍት ላይ ተጨማሪ ትእዛዝ መክፈል ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ተዉት።

እስከዚህ ድረስ የሚጣላ የለም። ጠቡ የመጣው በኋላ ነው። የድሮው ፕሮግራመር «ያልተደነገገ» ሲባል የሚገባው «ማሽኑ እንደ ልማዱ ያደርጋል» የሚል ነበር። ኮምፓይለሮች እየተራቀቁ ሲሄዱ ያው ቃል ሌላ ንባብ አገኘ፦ «ፕሮግራመሩ ይህ ነገር በጭራሽ አይደርስም ብሎ ቃል ገብቶልኛል።» ጽሑፉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። አንደኛው ወገን ዝምታ ነው ይላል፣ ሌላኛው ውል ነው ይላል። በሲ ዙሪያ የምትሰሙት ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህች ልዩነት የሚፈልቅ ነው።

ኮምፓይለሩ በዚህ «ቃል» ምን ያደርግበታል?

በጥር 2007 ጂሲሲ ለሚባለው የሲ ኮምፓይለር የቀረበ፣ ቁጥሩ 30475 የሆነ የባግ ሪፖርት አለ። ኮዱ ትንሽ ነው። ፈንክሽኑ ኤ የሚባል ኢንቲጀር ይቀበልና «ኤ ሲደመር 100 ከኤ ይበልጣል» የሚል አሰርት (ሐሰት ከሆነ ፕሮግራሙን የሚያቆም ፍተሻ) ያስቀምጣል፤ ከዚያ ድምሩንና ኤን ያትማል። ሰውየው 2147483647ን ሰጠው፤ ባለ 32 ቢት ኢንት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ነው። አሰርቱ ጭጭ አለ። ቀጥሎ የታተመው ድምር ግን -2147483549 ነበር። «ይበልጣል» ተብሎ የታለፈው ቁጥር አሉታዊ ሆኖ ወጣ።

ከኮምፓይለሩ ወገን ሆናችሁ እዩት። ምልክት ያለው ኢንቲጀር ሞልቶ አይፈስም ተብሏል። የማይፈስ ከሆነ ማንኛውም ቁጥር 100 ሲጨመርበት ይበልጣል። ሁልጊዜ እውነት የሆነን ነገር መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው፤ ስለዚህ ፍተሻው ይወጣል። መደመሩን ግን ማሽኑ እንደ ልማዱ ይፈጽመዋል፣ ቁጥሩም ዞሮ ከዜሮ በታች ይገባል። የጂሲሲ ሰዎች ባግ አይደለም አሉ፤ ከዚያ በኋላ በሪፖርቱ ሥር የተጻፈው ንዴት ብዙ ነው።

ይህን የሚያደርጉት ሰው ለማናደድ አይደለም። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ አሬይን ባለ 32 ቢት ኢንት እየቆጠራችሁ ስትሄዱ፣ ቆጣሪው ሊዞር ይችላል ከተባለ ኮምፓይለሩ በየዙሩ ወደ 64 ቢት እየለጠጠው መሄድ አለበት። አይዞርም ከተባለ ግን አንድ አድራሻ ይዞ እየተራመደ ይሄዳል። ሉፑ (ድግግሞሹ) «ቆጣሪው አይ ከወሰኑ ኤን እስኪበልጥ ድረስ» የሚል ከሆነም እንዲሁ፤ ኦቨርፍሎው የለም ሲባል የዙሩ ብዛት አስቀድሞ ይታወቃል፣ አራት አራቱን ወይም ስምንት ስምንቱን ባንዴ መሥራትም ይቻላል። የአሰርቱ መጥፋትና የሉፑ መፍጠን ከአንድ ደንብ የተወለዱ ናቸው።

በ2008 ሰርት የተባለው የካርኔጊ ሜለን የደኅንነት ቡድን ጂሲሲን በስም ጠርቶ «ፍተሻዎችን በዝምታ ይጥላል» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሌሎች ኮምፓይለሮችም ይህንኑ እንደሚያደርጉ ሲነገረው ጽሑፉን ለወጠው፣ «የሲ ኮምፓይለሮች» አለ። አንድ ኮምፓይለር ቀይሬ አመልጣለሁ ለሚል ሰው መልሱ እዚያው አለ።

ፍተሻውን በትክክል እንዴት ልጻፈው?

ከመደመር በፊት ጠይቁ። «ኤ ከኢንት ማክስ (ኢንት ከሚይዘው ትልቁ ቁጥር) ሲቀነስ 100 ይበልጣል ወይ?» ይህ አገላለጽ ራሱ አይፈስም፤ ኮምፓይለሩም የሚያጠፋበት ምክንያት የለውም። ሲ23 የሚባለው የስታንዳርዱ አዲስ እትም ካላችሁ ሲኬዲ አድ የሚባለው አለላችሁ፤ ድምሩን ያስቀምጥና ፈስሶ እንደሆነ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ይመልሳል። ጂሲሲና ክላንግ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለርም ይህንኑ የሚሠራ የራሳቸው ቢልትኢን (አብሮ የተሠራ ፈንክሽን) ከሲ23 ቀደም ብለው ነበራቸው።

ይህ ነገር በእውን ጉዳት አድርሶ ያውቃል?

አድርሷል። በጣም የታወቀው በ2009 የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) 2.6.30 ላይ የተገኘው ነው። ቱን በሚባለው የኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ የፖል ፈንክሽኑ ቱን የሚባል ፖይንተር ይይዛል። የመጀመሪያው መስመር በፖይንተሩ ገብቶ ኤስኬ የሚባለውን ሶኬት ያነባል። ከሱ በታች ያለው መስመር «ቱን ነል ከሆነ ስህተት መልስ» ይላል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ገባ፣ ከዚያ በሩ መኖሩን ጠየቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጂሲሲ ደግሞ እንዲህ አሰበ፦ በዚህ ፖይንተር ገብተህ አንብበሃል፤ ነል ቢሆን ኖሮ ያልተደነገገ ነበር፤ ስለዚህ ነል አይደለም፤ ስለዚህ ሁለተኛው መስመር ትርፍ ነው። አወጣው።

ተራ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ነሉ ሲነበብ ወድቆ ያበቃ ነበር። በከርነል ውስጥ ግን አጥቂው የራሱን ፕሮሰስ ዜሮኛው አድራሻ ላይ ሜሞሪ ማስመደብ ከቻለ ንባቡ አይወድቅም፤ እሱ ያዘጋጀውን ይዞ ይቀጥላል። ያንን የሚከለክለው ጥበቃም የሚታለፍበት ቀዳዳ ነበረው። የደኅንነት ተመራማሪው ብራድ ስፔንግለር በሐምሌ 2009 ይህን ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) እስከ መሆን የሚያደርስ ኤክስፕሎይት (የጥቃት ፕሮግራም) አድርጎ አወጣው። ማስተካከያው አንድ መስመርን ከፍተሻው በታች ማውረድ ነበር። ከርነሉም ኮምፓይል ሲደረግ የነል ፍተሻ እንዳይጠፋ የሚያዝ ፍላግ ተጨመረለት።

ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁኝ፣ የመጀመሪያው የፕሮግራመሩ ነው። በሩን ክፍት የተወው እሱ ነው፤ ኮምፓይለሩ የነቀለው ሁለተኛውን ቁልፍ ነው። ግን ሁለተኛ ቁልፍ የሚገጠመው እኮ የመጀመሪያው ሲረሳ እንዲያድን ነው።

አንድ ሌላ፣ ከጉዳት ይልቅ ለሳቅ የሚሆን። በ2013 ጂሲሲ 4.8 ሲመጣ፣ የማሽን ፍጥነት ከሚለካባቸው የስፔክ ሲፒዩ 2006 ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ኤች264ሬፍ መጨረሻ የሌለው ሉፕ ውስጥ ገባ። አሬዩ 16 ቤት አለው፤ ሉፑ ግን ወሰኑን ከማየቱ በፊት ቀጣዩን ቤት ያነባል፣ በመጨረሻው ዙር ላይም አሥራ ሰባተኛውን ሊያነብ ይሄዳል። ኮምፓይለሩ «ያንን እያነበበ ከሆነ ቆጣሪው ከ16 ያንሳል ማለት ነው» ብሎ ማቆሚያውን አነሳው። የኮምፓይለሮች ፈተና የሆነው ኮድ ራሱ ፈተናውን ወደቀ።

ሲያጠፋው ምናለ ዋርኒንግ ቢሰጠኝ?

ምክንያቱም ኮምፓይለሩ «ስህተት አገኘሁ» ብሎ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው «ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ማክሮ ሲዘረጋ፣ ትንንሽ ፈንክሽኖች ኢንላይን ሲደረጉ እንዲህ ያለ ትርፍ ፍተሻ በብዛት ይፈጠራል፤ መጥፋቱንም እንፈልገዋለን። ለእያንዳንዱ ቢጮህ የናንተን አንዱን ከመካከሉ አታገኙትም።

ኦ0 ላይ (ኦፕቲማይዜሽን ሳይበራ) ይሠራል፣ ኦ2 ላይ (በርቶ) ይበላሻል። የኮምፓይለሩ ባግ አይደለም?

ሊሆን ይችላል፤ ኮምፓይለርም ባግ አለው። ግን መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ። እኔ አንድ ጊዜ ከሴንሰር የሚመጣ ንባብ በሚሰበስብ ፕሮግራም ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፓይለሩን ረግሜያለሁ። ድምሩ ኦ0 ላይ ልክ ነው፤ ኦ2 ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ነገር ይመጣል። በመጨረሻ የተገኘው፣ ዋጋ የሚሰጠው ኢፍ ውስጥ ብቻ የሆነ አንድ ቫርያብል ነው። ኦ0 ላይ ስታክ ውስጥ የደረሰው ቦታ እንዳጋጣሚ ዜሮ ነበረ። ኦ2 ላይ ሬጂስተር ውስጥ ገባ፤ እዚያ ደግሞ የሌላ ስሌት ትራፊ ተቀምጦ ጠበቀው። ዎል የሚባለውን ፍላግ አብርቼ ቢሆን ዋርኒንጉ ኦ2 ላይ ይነግረኝ ነበር።

ያልተደነገገ ባህሪን ለማደን የመጀመሪያው መሣሪያ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ እየተከታተለ የሚይዘው ዩቢሳን ነው። በክላንግ አለ፤ በጂሲሲ ከ4.9 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 አንስቶ አለ። የሜሞሪ ጥፋት ከሆነ ኤሳንን ጨምሩበት። እንደኔው ዋጋ ያልተሰጠው ቫርያብል ከሆነ ደግሞ ቫልግራይንድ ወይም የክላንጉ ኤምሳን ይሻላል። ሁሉም ግን የሚያዩት ፕሮግራሙ በእውን ያለፈበትን መንገድ ብቻ ነው። ቴስታችሁ ያልረገጠውን መስመር እነሱም አይረግጡትም።

ፓስወርዱን በሜምሴት (ሜሞሪን በአንድ ዋጋ በሚሞላው ፈንክሽን) አጥፍቼ ነበር፤ ሜምሴቱ ጠፋ። ይህም ያልተደነገገ ባህሪ ነው?

አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያምታታው ስለሆነ ነው ያስገባሁት። ስታንዳርዱ ኮምፓይለሩን የሚይዘው ከውጭ በሚታየው ውጤት ነው፤ ማንም ዳግመኛ በማያነበው ሜሞሪ ላይ ዜሮ መጻፍ ከውጭ አይታይም። ኮዱ ፍጹም ትክክል ነው፣ ኮምፓይለሩም ፍጹም ትክክል ነው፣ ፓስወርዱ ግን እዚያው ተቀምጧል። ለዚህ ሲ23 ሜምሴት ኤክስፕሊሲት የሚባለውን አምጥቷል፤ ከሱ በፊት ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ሌሎችም ኤክስፕሊሲት ቢዜሮ ነበራቸው።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች እንዴት ነው የሚኖሩት?

ፍላግ ይዘው። የሊኑክስ ከርነል ሦስት ነገሮችን ያጠፋል፦ የኦቨርፍሎው ግምቱን፣ የነል ፍተሻ ስረዛውን፣ እና ስትሪክት አሊያሲንግን። የመጨረሻው «ኢንት ፖይንተርና ፍሎት ፖይንተር አንድን ሜሞሪ አያመለክቱም» የሚለው ግምት ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ስለዚህ ደንብ ሲጽፍ ቃል አይመርጥም፤ እዚህ መድገሙ አስፈላጊ አይደለም። ሲፓይተንም (በሲ የተጻፈው የፓይተን ቋንቋ ማስኬጃ) ኤፍራፕቪ በሚባለው ፍላግ ኮምፓይል ሲደረግ ኖሯል፤ ኦቨርፍሎው ሲመጣ ቁጥሩ ይዙር የሚል ትእዛዝ ነው።

ይህ ማለት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩት የሲ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ የተጻፉት በስታንዳርዱ ሲ ሳይሆን በሌላ ዘዬ ነው። ለኔ ከክርክሩ ሁሉ ክብደት ያለው ማስረጃ ይህ ነው። ከርነል የሚጽፉ ሰዎች ውሉን አንብበው «ይህኛውን አንፈርምም» ካሉ፣ ችግሩ የሰነፍ ፕሮግራመር ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

ሁሉንም ደንግጎ አንድ ገራም ሲ መሥራት አይቻልም?

ተሞክሯል። በ2014 ፓስካል ኩኦክ፣ ማቲው ፍላትና ጆን ሬገር «ፍሬንድሊ ሲ» ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ኦቨርፍሎው ይዙር፣ ሌላውም ያልተደነገገ ነገር በርካታው ገራም መልስ ይሰጠው የሚል። ጥሩ ይመስላል፤ ዝርዝሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሰው ተለያየ። ከወሰን ውጪ የተነበበ ቤት ምን ይመልስ? ዜሮ? የተገኘውን? ፕሮግራሙ ይቁም? ለአንዱ ገራም የሆነው ለሌላው ቀርፋፋ ነው። ሬገር ራሱ በ2015 መግባባት ላይ መድረስ እንደማይቻል ጽፎ ተወው። በዚያው ዓመት ዳንኤል በርንስታይን ለክሪፕቶግራፊ (ለምስጢራዊ ጽሕፈት) ኮድ የሚሆን «አሰልቺ» ኮምፓይለር ይሠራ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ማለትም የማያስገርም።

ሁሉንም መደንገግ አይቻልም ማለት ግን አንዱንም መደንገግ አይቻልም ማለት አይደለም። የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ መጻፍ ምን ያድርግ ቢባል እኔም መልስ የለኝም። ሁለት ኢንት መደመር ግን መልስ አለው፤ ሁሉም ማሽን ያውቀዋል።

ስታንዳርዱ አሁን ወዴት እየሄደ ነው?

በሁለት አቅጣጫ። ሲ23 አሉታዊ ቁጥር በአንድ መንገድ ብቻ ይወከላል አለ፤ በቱስ ኮምፕሊመንት። የማሽን ልዩነት የሚለው የ1989 ምክንያት በዚህ ጉዳይ ላይ በይፋ ሞተ። ኦቨርፍሎው ግን ያልተደነገገ ሆኖ ቀረ። ሲ ፕላስ ፕላስ 20 ላይም እንዲሁ ነው የሆነው፤ ጄኤፍ ባስቲያን ያቀረበው ሐሳብ መጀመሪያ «ይዙር» የሚልም ነበረበት፣ ኮሚቴው አልተቀበለውም፣ ውክልናው ብቻ አለፈ። አሮጌው ሰበብ ሲሄድ አዲሱ፣ የፍጥነቱ፣ ቦታውን ያዘ።

ሲ23 ወደ ኋላም ሄዷል። ሪአሎክን (የተያዘ ሜሞሪን መጠን የሚቀይረውን ፈንክሽን) በዜሮ መጠን መጥራት ቀድሞ ለኮምፓይለሩ ምርጫ የተተወ ነበር፤ አሁን ያልተደነገገ ሆኗል። በሌላ በኩል ለቀጣዩ ሲ የተወሰነ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ነል ፖይንተርን በዜሮ ርዝመት ለሜምኮፒ (ሜሞሪን ለሚቀዳው ፈንክሽን) መስጠት ይፈቀዳል። ምንም አትቅዳ የሚል ትእዛዝ ለዓመታት ያልተደነገገ ሆኖ መኖሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል። ሲ ፕላስ ፕላስ 26 ደግሞ ዋጋ ያልተሰጠውን ቫርያብል ማንበብ «የተሳሳተ ግን የተደነገገ» የሚል አዲስ ክፍል ውስጥ ከቶታል። የኔን ሁለት ቀን አይመልስልኝም።

ራስት፣ ዚግና ጎ የሚባሉት ሌሎች ቋንቋዎችስ?

ጎ ኦቨርፍሎው ይዞራል አለና ጨረሰ። ራስት በዲበግ ቢልድ (ለሙከራ በሚሠራው) ላይ ፓኒክ ያደርጋል (ፕሮግራሙን ያስቆማል)፣ በሪሊዝ (ለተጠቃሚ በሚወጣው) ላይ ሳይቀየር ከተተወ ይዞራል፤ ሁለቱም የተደነገጉ ናቸው። ዚግ በዲበግና በሪሊዝሴፍ ይፈትሻል፣ በሪሊዝፋስት ግን እንደ ሲ ያልተደነገገ ያደርገዋል፤ መዞር የሚፈልግ ሰው የራሱ ምልክት አለው። የዚግን ሐቀኝነት እወደዋለሁ፤ አደጋውን የሚመርጠው ቢልዱን የሚያዘው ሰው ነው።

ቋንቋ መቀየር ግን ከሥሩ ካለው መሣሪያ አያስመልጥም። ራስት ኮዱን የሚያስጨርሰው ኤልኤልቪኤም በሚባለው የኮምፓይለር መሠረት ነው፤ ኤልኤልቪኤም ያደገው ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ምንም የማይሠራ ሉፕ መጨረሻ አለው ብሎ ይገምታል፤ ራስት እንዲህ ብሎ አያውቅም። ቢሆንም ለዓመታት በራስት የተጻፈ ባዶ ዘላለማዊ ሉፕ አንዳንዴ ይጠፋ ነበር። ያንን ግምት በየቋንቋው መለየት የተቻለው በ2021 ኤልኤልቪኤም 12 ሲወጣ ነው።

ምልክት የሌለውን ኢንቲጀር ብጠቀም እገላገላለሁ?

ግማሹን። ምልክት የሌለው ኢንቲጀር ሲሞላ ወደ ዜሮ እንደሚዞር በሲ የተደነገገ ነው። ግን በ32 ቢት ዜሮ ሲቀነስ አንድ 4294967295 ይሆናል፤ «አይ ከዜሮ እስኪያንስ» ብላችሁ ወደ ታች የምትቆጥሩት ሉፕም አይቆምም።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። ሁለት ባለ 16 ቢት ምልክት የሌላቸው ቁጥሮች ያዙ፣ ሁለቱም 65535 ይሁኑ፣ አባዟቸው። ከኢንት ያነሰ ማንኛውም ቁጥር ሲሰላ ሲ መጀመሪያ ወደ ኢንት ያሳድገዋል፤ ምልክት ወዳለው ኢንት ማለት ነው። ብዜቱ 4294836225 ነው፣ ኢንት የሚይዘው 2147483647 ነው። ምልክት የሌለው ብላችሁ የጻፋችሁት ኮድ ምልክት ባለው ኦቨርፍሎው ወደቀ። መፍትሔው ከማባዛት በፊት አንዱን ወደ አንሳይንድ (ምልክት የሌለው) ኢንት መቀየር ነው፤ ዩቢሳንም ይህችን ይይዛታል፣ ቴስታችሁ 65535ን ካስገባ።